የኮራሁት እኔ ሳልሆን ዓይኔ ነው

መነጽር ያደረገ ሰው ሁለት ስም አለው፤ አንዱ ወላጆቹ ያወጡለት፣ ሌላው «ዓይኗን ምን ሆና ነው?» የሚለው። ዱራሜ ላይ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ያልጠየቀኝ ወላጅ የለም ማለት ይቻላል። አንዳንዱ መልሱንም ይዞ ነው የሚመጣው። «በኩራዝ አጥንተሽ ነው አይደል?» ይለኛል። ሌላው «ፕላዝማው ነው ያበላሸሽ» ይላል። ባለፈው ሰሞን ደግሞ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ክፍሌ ድረስ መጣችና «ይቺ ልጅ ሰሌዳው አይታየኝም ትላለች። መነጽር ላድርግላት ብል ባለቤቴ ዓይኗን ያሰንፈዋል ብሎ ከለከለኝ። አንቺ ታውቂያለሽና ንገሪኝ» አለችኝ። በር ላይ ቆሜ የነገርኳት ስላላረካኝ ይኸው ተቀምጬ እጽፋለሁ። ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው በራሴ የደረሰውንና ከዚያ ወዲህ ሰው እያስቸገርኩ ጠይቄ ያገኘሁትን ብቻ ነው። በመጠየቅ ግን አልታማም፤ አባቴም «ይቺ ልጅ አፏ ጥያቄ ብቻ ነው የሚያበቅለው» ይለኝ ነበር።

የተወለድኩት ሀዲያ ውስጥ፣ ጃጁራ አጠገብ ነው። አባቴ አቶ ሄራኖ ስንዴና እንሰት የሚያለማ ገበሬ ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ ቄሱ ወደ ሌላ አጥቢያ ሲሄዱ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን መጽሐፉን የሚያነበው እሱ ነበር። እኩዮቹ መጽሐፉን በእጃቸው እያራቁ፣ ያም አልሆን ሲላቸው መነጽር ሲዋዋሱ፣ አባቴ የጸሎት መጽሐፉን ደቃቅ ፊደል አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ያንበለብለዋል። «የሄራኖ ዓይን የልጅ ዓይን ነው» ይባልለታል። ይህችን ሙገሳ ይወዳታል።

የማይወደው ሌላ ወሬ ግን ነበር። ኩሩ ነው ይሉታል። በእኛ አገር ሰላምታ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው መንገድ ማዶ ሲያይህ ቆሞ እጁን ያነሣልሃል፤ አንተም ቆመህ ታነሣለህ፤ ከዚያ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ መጠያየቅ ነው። አባቴ ማዶ ያለ ሰው እጁን ሲያነሣለት ዝም ብሎ ያልፋል። አጠገቡ ሲደርሱ ደግሞ አቅፎ አልለቅም ይላል። «የሄራኖ ሰላምታ በደጃፍ እንጂ በሩቅ አይገኝም» እያሉ ይቀልዱበታል።

እኔም ከፍ እያልኩ ስሄድ እንደሱ ሆንኩ። አንድ የገበያ ቀን የክርስትና እናቴ ከማዶ እጃቸውን አንሥተው ሲጠብቁኝ ትቻቸው አለፍኩ። በማግሥቱ ቤታችን መጡ።

«ሄራኖ፣ ልጅህ ትናንት እንዳላየች ሆና አልፋኛለች።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «ማርታ፣ ሰው ስታዪ ሰላም አትይም?» አለኝ።

«ሳይማ እላለሁ።»

«ይኸው፣ መልስም አላት» አሉ የክርስትና እናቴ። «ምን ታድርግ፣ የአባቷ ልጅ አይደለች?»

አባቴ ይህን ሲሰማ ቁጣውን ትቶ ለእንግዳዋ ወንበር አቀረበ። እኔንም ተወኝ።

እውነቱን ለመናገር ያኔ እኔ ራሴ እንደማላይ አላውቅም ነበር። የዚህ ሕመም ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። አይቀላም፣ አያብጥም፣ መጀመሪያ ላይ አያምም። ዓለም ከትንሽ እልፍ ሲሉ ጭጋግ የምትሆነው ለሰው ሁሉ ይመስልሃል። ሰዎች ከሩቅ የሚተዋወቁት በልብስ ቀለምና በአካሄድ ነው ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ ለበዓል አዲስ ልብስ የለበሰ ሰው ከሩቅ ሲታወቅ «ማን ነገራቸው?» እያልኩ እገረም ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ አባቴ ሆሳዕና፣ ታላቅ ወንድሜ ጴጥሮስ ዘንድ ላከኝ። ጴጥሮስ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ብቻውን አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ትምህርት ቤታችን ፕላዝማ ከገባለት ብዙ አልቆየም። የዛሬ ልጆች ላያውቁት ስለሚችሉ ልንገራችሁ። ፕላዝማ ክፍሉ ፊት ለፊት በብረት ሣጥን ተቆልፎ የተሰቀለ ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። ሒሳቡንም ባዮሎጂውንም በእንግሊዝኛ የሚያስተምረው እሱ ነው። የክፍሉ መምህር ሲጀመር ያስተዋውቃል፣ ሲያልቅ ያጠቃልላል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያስተምራል። ፕላዝማው ማንንም አይጠብቅም። ጥያቄ ያወጣና ሥሩ ይላል፤ ሙዚቃ ያሰማል፤ መልሱን አሳይቶ ያልፋል። ሙዚቃው ሊያልቅ ሲል ክፍሉ በሙሉ አንድ ላይ «ኧረ!» ይላል። ሁሉም ጊዜው ማለቁን እንዴት እንደሚያውቁ አይገባኝም ነበር። ማያው ጥግ ላይ ወደ ኋላ የምትቆጥር ትንሽ ሰዓት እንደነበረች ያወቅኩት መነጽር ካደረግኩ በኋላ ነው።

አጠገቤ የምትቀመጠው ሰናይት ነበረች። አያቶቿ ከጎንደር የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሷ ግን ሀዲይኛውን ከእኔ እኩል ትሳደብበታለች። ማያው ላይ ያለውን በሹክሹክታ ታነብልኝ ነበር። መጀመሪያ በደግነት፣ ኋላ እየሰለቻት።

«አሁን ይኼ አይታይሽም?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ነጭ ነገር ይታየኛል።»

«ነጩ እኮ ጽሑፉ ነው።»

«የተጻፈ መሆኑንማ አውቃለሁ» አልኳት። አላውቅም ነበር።

በዚያው ሰሞን የሹራቤ አዝራር ተበጥሶ እጄ ላይ ቀረ። ስጫወትበት ዓይኔ ላይ አስጠግቼ በአንዷ ቀዳዳ አጮለቅኩ። ማያው ላይ የነበረው ጭጋግ ሰብሰብ አለና ፊደል ሆነ። ደንግጬ አወረድኩት፤ ጭጋግ። መልሼ አነሣሁት፤ ፊደል። ቀኑን ሙሉ ያንን ሳደርግ ዋልኩ። ቤት ስገባ በወረቀት ላይ በመርፌ ትልቅም ትንሽም ቀዳዳ እየበሳሁ የትኛው እንደሚሻል ፈተንኩ። ትንሿ ትሻላለች፤ ግን ታጨልማለች። ለምን? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ። በሁለተኛው ቀን መምህሩ «ክፍል ውስጥ በአዝራር ይጫወታል?» ብሎ ወሰደብኝና ነገሩ በዚያው ቆመ።

የመንፈቀ ዓመቱ ውጤቴ ሲመጣ ጃጁራ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ እወጣ የነበርኩት ልጅ ከክፍሉ ጭራ አካባቢ ተገኘሁ። ዓይኔን አጨንቁሬ ሳይ ስለምውል ግንባሬን ያመኛል። ጴጥሮስ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደኝ። ግማሽ ቀን ሳል ከሚያጣድፋቸው ሰዎች ጋር ተቀምጠን ጠበቅን። ባለሙያው የዓይኔን ቆብ ገልብጦ አየና «ማዝ ሊሆን ይችላል» ብሎ የዓይን ቅባት አዘዘልኝ። ማዝ ትራኮማ ነው፤ በአካባቢያችን ብዙ ሰው ስለሚያጠቃ «ዓይኔን» ያለ ሁሉ ቅባቱ ይታዘዝለታል። ቅባቱን ስቀባ ጭጋጉ ላይ ሌላ ጭጋግ ተጨመረበት። ጴጥሮስ «እየሠራ ነው ማለት ነው» ይለኛል።

ለዕረፍት ቤት ስሄድ ደግሞ እናቴ የራሷን ምርመራ አደረገች። «ዳፍንት ነው» አለች። ዳፍንት ሲመሽ የሚያሳውር በሽታ ነው፤ መድኃኒቱ ጉበት ነው ይባላል። «ሲመሽ ብቻ አይደለም፣ ቀንም ነው» ብላት አልሰማችኝም። ጉበት ተጠበሰልኝ፣ በላሁ፤ ደግሞ ተጠበሰልኝ፣ ደግሞ በላሁ። ወፈርኩ እንጂ ማዶ ያለው ሰው ማን እንደሆነ አልለየሁም።

ቤተሰቡን ያስጨነቀው ግን ውጤቴ አልነበረም። የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ አበበች፣ በወጣትነቷ ዓይኗ ጠፍቶ በእኛው ግቢ ጎጆ ሠርተንላት ትኖራለች። ማንም አፍ አውጥቶ ባይናገርም ሁሉም እኔን ካየ በኋላ ወደ እሷ ጎጆ ያያል። እኔም ፈራሁ። ሌሊት ስነቃ ጨለማው የሌሊቱ ይሁን የእኔ ለማወቅ እጄን ፊቴ ላይ አወዛውዝ ነበር።

ስፈራ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንልኝም። አክስቴ ጎመን ስትቀነጥስ ደጃፏ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ማርታ ነሽ? ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ምንም። እያየሁሽ ነው።»

«ምኔን? ሥራዬን ልትለምጂው ነው?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

«እትዬ፣ እንዴት ነው የጀመረሽ?»

እጇን ከጎመኑ አላነሣችም። «አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኝ ነበር። ያሳክካል፣ ያለቅሳል። ኋላ ሽፋሽፍቴ ወደ ውስጥ ዞሮ ይወጋኝ ጀመር። እናትሽ በወረንጦ ትነቅልልኛለች፤ ትንሽ ያርፍልኛል፤ ሲበቅል እንደገና ይወጋኛል። እንዲህ እንዲህ እያለ ነጭ ነገር ሸፈነው።»

«ቀድሞ የጠፋብሽ ሩቁ ነው ቅርቡ?»

«እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? ሁሉም ነዋ።»

ይህን ይዤ ወደ አባቴ ሮጥኩ። የእኔ ዓይን አይቆረቁርም፣ አያሳክክም፣ ቅርብ ያለውንማ የጉንዳን እግር ሳይቀር አያለሁ፤ ስለዚህ የእኔ ሌላ ነው አልኩት። አባቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«አጀማመሩ ቢለያይ አጨራረሱን ማን ያውቃል?» አለ። «ዓይንሽን እየበላው ያለው መጽሐፍ ነው። ከማንበብ ትንሽ እረፊ።»

ይህን ያለው በክፋት አይደለም። እኔን ማንበብ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው፤ በዚያች ደቃቅ የጸሎት መጽሐፍ፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ። በዚያ ዕረፍት ግን መጽሐፍ ይዤ ባየኝ ቁጥር ቀስ ብሎ ከእጄ ይወስድና መደርደሪያው ላይ ያስቀምጠዋል። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሆሳዕና ስመለስ ራስ ምታቱ ባሰ። ጴጥሮስ ወደዚያው ክሊኒክ መልሶ ወሰደኝ፤ በዚህኛው ቀን የነበረው ሌላ ባለሙያ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አስነበበኝ፤ አልቻልኩም። እጁ ላይ የያዘውን ወረቀት አስነበበኝ፤ አነበብኩ። «ቅርብ ዕይታ ነው ያለባት። መነጽር ያስፈልጋታል» አለ። ትክክል ነበር። ቅርብ ዕይታ ማለት ቅርቡ ይታያል፣ ሩቁ አይታይም ማለት ነው። ግን ይህን ያብራራልን የለም፤ በሽተኛው ብዙ፣ ሰዓቱ ጥቂት ነው።

ጴጥሮስ በቀጥታ ወደ ገበያ ወሰደኝ። መነጽር ሻጩ ካርቶን ላይ ሰክቶ ደርድሯቸዋል።

«የቅርብ ነው የሩቅ?» አለው።

«የቅርብ» አለ ጴጥሮስ በሙሉ ልቡ። «ቅርብ ዕይታ ነው የተባለችው።»

አማርኛችን እዚህ ላይ ጉድ ሠራን። ቅርብ ዕይታ የሕመሙ ስም ነው፤ የቅርብ መነጽር ግን አዛውንቶች ለንባብ የሚያደርጉት፣ የሕመሙ ተቃራኒ የሆነው ነው። እኛ ቤት በአንደኛ ደረጃ የምንናገረው ሀዲይኛ፣ በሁለተኛ አማርኛ ነውና ለጊዜው ራሴን በዚያ አጽናናሁ። ኋላ ግን አማርኛ አፍ የፈቱ ሰዎችም ይህንኑ መነጽር ገዝተው ሲቸገሩ አይቻለሁ።

መነጽሩን አድርጌ ክፍል ገባሁ። ደብተሬ ላይ ያለው ፊደል እንደ ባቄላ አበጠ፤ ፕላዝማው ጭራሽ ከግድግዳው ጠፋ። ሰናይት አይታኝ «የቤተ ክህነት ጸሐፊ መሰልሽ» አለችና ሳቋን አፈነች። «ዓይንሽ እስኪለምደው ታገሺ» ተብዬ ነበርና ታገሥኩ። በታገሥኩ ቁጥር ዞረብኝ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦይ ውስጥ ገብቼ ጉልበቴን ተላጥኩ።

አባቴ ሊጠይቀን የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ጉልበቴን አየ፣ መነጽሩን አየ፣ አውልቆ በራሱ ዓይን ሞከረውና ፊቱ ተለወጠ። «ይኼ ነው የጨረሳት» አለ። ጴጥሮስ ሊያስረዳ ሞከረ። አባቴ «መነጽር ለደከመ ዓይን ነው። ልጅ ዓይን ላይ ከተደረገ ያሰንፈዋል። መጽሐፉ ግማሹን በላ፣ ይኼ ግማሹን» ብሎ ቆረጠ። ነገ መሸኛዬን ከትምህርት ቤት እንወስዳለን፤ ጃጁራ እመለሳለሁ፤ አጎቴ ገበያ ውስጥ ሱቅ አለው፣ እዚያ እቀመጣለሁ። «ዕቃ ለመሸጥ ቅርብ ማየት ይበቃል። ዓይንሽ ከሚጠፋ ትምህርቱ ይቅር።» ድምፁ ሲንቀጠቀጥ የሰማሁት የዚያን ዕለት ነው። ልናደድበት ፈልጌ ነበር፤ ግን አልቻልኩም።

በማግሥቱ ልብሴን በፌስታል ይዘን ትምህርት ቤት ሄድን። ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ከሰዓት ነው የሚገቡት ተባልን። በሩ ላይ ቆምን።

«አባዬ» አልኩት፣ «ከሰዓት ድረስ ምን እንሠራለን?»

«እንጠብቃለን።»

«ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ። እዚያ እንጠብቅ።»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«በአዝራር ቀዳዳ ሳይ ፊደሉ ይታየኝ ነበር። የሞተ ዓይን በቀዳዳ ስላየ አይድንም። ሱቅ ስቀመጥም ለምን እንደሆነ ሳላውቅ አልቀመጥም።»

ፌስታሉን ከእጄ ተቀበለኝ።

የዓይን ክፍሉ መጠበቂያ አግዳሚ ላይ ቦታ አልነበረም። ዓይናቸውን ሞራ የጋረዳቸው አንድ ሽማግሌ በእጃቸው ዳብሰው ጠጋ አሉና አስቀመጡኝ። ሞራ የዓይን ሌንስ ሲደፈርስ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይነሣል። «እኔ ዛሬ ሊገፈፍልኝ ነው፤ ሃያ ዓመት ያላየኋትን ሚስቴን ላያት ነው፤ አርጅታ ከሆነ መልሱልኝ እላቸዋለሁ» አሉ። ሚስታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው «እሳቸው ምን እንደመሰሉ ደግሞ እኔን ጠይቁኝ» አሉ። ወረፋው ሁሉ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉ ፍርሃት በኋላ የሳቅኩት እዚያ ነው። አባቴ ግን አልሳቀም። የጸሎት መጽሐፉን ከኪሱ አውጥቶ አፍንጫው ሥር አድርጎ ያነብ ነበር።

ያየችን የዓይን ነርስ የአንጋጫ ልጅ ነበረች፤ ሲስተር አስቴር እላታለሁ። ቋንቋዋ ከምባትኛ፣ የእኛ ሀዲይኛ፣ የተገናኘነው በአማርኛ ነው። ግድግዳው ላይ ባለ ሦስት ጣት ምልክት የተደረደረበት ሰሌዳ ነበር፤ ጣቶቹ ወዴት እንደዞሩ በእጅ ማሳየት ነው። ከላይ ያለውን ትልቁን አየሁ፤ ሁለተኛውን ገመትኩ። ከዚያ ጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳበት ጥቁር ነገር ሰጥታ «በዚህ እዪ» አለችኝ። ሌላ ሦስት መስመር ወረድኩ።

«ይኼ እኮ አዝራር ነው!» አልኳት።

ነገሩን ስነግራት ከልቧ ሳቀች። «ቀዳዳዋ የተበተነውን ብርሃን ትታ ቀጥታ የሚገባውን ብቻ ታሳልፋለች። በዚህ ከተሻለሽ ዓይንሽ አልታመመም፣ መነጽር ነው የጎደለው ማለት ነው» አለች። ከዚያ አስረዳችኝ። የዓይኔ ኳስ ከፊት ወደ ኋላ ከሚገባው በላይ ትንሽ ረዝማለች። ስለዚህ የሩቁ ምስል ከኋላ ያለው ማያ ላይ ሳይደርስ ይወድቃል፤ የቅርቡ ግን ይደርሳል። የሚስተካከለው በማይነስ መነጽር ነው።

«ማይነስ? ተቀንሶ?» አለ አባቴ ከበሩ አጠገብ። «ደግሞ ከምኑ ሊቀነስ ነው?»

«ከጭጋጉ ነዋ አባቴ» አለችው።

የጠየቅኳትን ሁሉ ልዘርዝር ብል አላበቃም። ፕላዝማው ነው ወይ? አይደለም፤ ፕላዝማው አላበላሸኝም፣ አጋለጠኝ። ኩራዙስ? በደካማ ብርሃን ማንበብ ዓይን ያደክማል እንጂ ብቻውን እንዲህ አያደርግም። ቅባትና ጉበት? የረዘመ ኳስ አያሳጥሩም። መነጽር ያሰንፋል? አያሰንፍም፤ ባለማድረግ ግን ትምህርት ያልፋል። የመነጽሩ ቁጥር ይጨምራል ወይ? ሰውነት እያደገ እያለ ሊጨምር ይችላል፤ ሃያውን አካባቢ ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ይረጋጋል። እንዳለችውም ሆነ፤ እስከ ዩኒቨርሲቲ ድረስ መነጽሬን ቀያየርኩ፣ ከዚያ ቆመ። ቁጥሩ በጣም ከፍ ያለ ሰው ግን በየጊዜው መታየት አለበት። ድንገት ብልጭታ ወይም ብዙ ጥቁር ነጠብጣብ ካየ፣ መጋረጃም እንደወረደበት ከሆነ፣ ሳያድር ዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ይህቺን እባካችሁ አትርሷት።

«ከየት መጣብኝ?» ስላት መልስ ከመስጠቷ በፊት አባቴን አየችው። መጽሐፉን አሁንም በጣቱ መሐል ይዞ ነበር።

«አባቴ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ከሃምሳ አልፏል።»

«ውጭ ያለ መነጽር ሲያነቡ አይቼዎታለሁ።»

«ዓይኔስ ደህና ነው» አለ፤ ያቺ የሚወዳት ሙገሳ ትዝ ብላው ቀና አለ።

«እስቲ እዚህ ይቁሙና ይህንን ይዩልኝ።»

አባቴ ቆመ። የመጀመሪያውን በእጁ አሳየ። ሁለተኛውን አጨንቁሮ አሳየ።

«ከዚያ በታችስ?»

«ከዚያ በታች ባዶ ነው።»

«ባዶ አይደለም አባቴ። ብዙ መስመር አለ።»

አባቴ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። እየተጠጋ ሲሄድ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። በጣቱ እየነካ መስመሮቹን እስከ ታች ወረደ፤ ሁሉም ነበሩ። ፊቱን ከግድግዳው ሳያዞር ጠየቀ።

«እና ሰው ሁሉ ይህንን ከዚያ ቆሞ ያያል?»

«ያያል። እርስዎም ቅርብ ዕይታ ነዎት። በዚህ ዕድሜ ያለ መነጽር የሚያነቡትም ለዚሁ ነው። ልጅዎ ከእርስዎ ወርሳ ይሆናል።»

«ማዶ ያለ ሰው እጁን ቢያነሣ… ይታያል ማለት ነው?»

«ይታያል።»

አባቴ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። «ያን ሁሉ ዘመን» አለ። እኔ ላለቅስ ደርሼ ነበር። ሰው ኩሩ ያለው፣ እሱም ኩሩ መባሉን ይዞ የኖረው፣ እጅ ሲነሣለት ስላላየ ነው።

ከዚያ ወደ ሲስተር አስቴር ቀና አለ። «የእህቴ ዓይን ጠፍቷል። እንደ እሷ ትሆናለች?»

እንዴት እንደጀመራት ጠየቀችው። አሸዋውን፣ ሽፋሽፍቱን፣ ወረንጦውን ነገርኳት። «እሱ ማዝ ነው። ሌላ በሽታ ነው፤ በጊዜው ቢታከም ሊድን ይችል ነበር» አለች። አባቴ በጣም አዘነ። የእኔ እንደዚያ አለመሆኑ ግን ገባው።

«ስለ ንባቡስ?» አለ። «እውነቱን ንገሪኝ። ካነበበች ይጨምርባታል?»

ሲስተር አስቴር ልትዋሽለት ትችል ነበር፤ አልዋሸችም። «አብዛኛው ከዘር ነው። ግን ብዙ ሰዓት በቅርብ ማንበብም ሳይጨምር አይቀርም ይባላል። ደጅ በብርሃን ብዙ መዋል ደግሞ ይረዳል። ቢጨምር መነጽሯን መቀየር ነው። አልጨምር ብሎ እንደሚቆም ግን ቃል አልገባልዎትም።»

 አባቴ ልብሴ ያለበትን ፌስታል ጭኑ ላይ አድርጎ አፉን ይጠቀልላል፣ ይፈታዋል። ከሰዓት ዳይሬክተሩ ይገባሉ። ከዚያ በፊት ስለ እኔ በተወሰነው ነገር ሁሉ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ የሚጠየቅም አይመስለኝም ነበር። አባቴ ቀና ብሎ በሀዲይኛ ጠየቀኝ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ሁለቱም እንዲሰሙኝ በአማርኛ መለስኩለት።

«ይጨምር።»

አየኝ፤ በጣም ቅርብ ስለነበርን ፊቴን ጥርት አድርጎ እንዳየው አውቃለሁ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«ሲስተር፣ ይጨምር ብላለች። ትማራለችና መነጽሯን ጻፊላት።»